ከወሊድ ፈቃድ ወደ ስራ ስትመለሺ፦ ቤትና ቢሮን አብሮ ለማስኬድ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ እናቶች ሞግዚት ፍለጋ የሚጀምሩት ፈቃዳቸው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ደላላው ያመጣትን ልጅ ይቀበላሉ። ህፃኑን ያስረክባሉ። ሰኞ ጠዋት እንባቸውን እየጠረጉ ቢሮ ይገባሉ። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ጥላ ትሄዳለች፣ ህፃኑ ጡጦ እምቢ ይላል፣ አለቃ ፊቱን ያጠቁራል። ከዚያ ወይ ስራ መልቀቅ ይመጣል፣ ወይ ጡት ማስጣል።

እናትየው ሰንፋ አይደለም። ሸክሙ በሙሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ስላረፈ ነው፤ ወይ በእሷ፣ ወይ በሰራተኛዋ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ሕግ ይከተላል፦ ለእያንዳንዱ ስራ ባለቤት፣ ለእያንዳንዱ ባለቤት ተተኪ።

መመሪያው ጅማ ውስጥ በቢሮ ሰዓት ለምትሰራና ልጇ 6 ወር ላልሞላው እናት የተጻፈ ነው። ነርስ ከሆንሽ ወይም ሌላ የፈረቃ ስራ ካለሽ ሰዓቶቹን ቀይሪ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኪው። ስራ ከመግባትሽ 6 ሳምንት አስቀድመሽ ጀምሪ። ያን ያህል ጊዜ ከሌለሽ ደረጃ 3ን እና ደረጃ 4ን ዛሬውኑ አንድ ላይ ጀምሪያቸው። ጊዜ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

አስቀድመሽ የምታዘጋጂያቸው ዕቃዎች

- ደብተር፣ እስክሪብቶና ማጣበቂያ። ዕቅዱ ስልክሽ ውስጥ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ይቀመጥ፤ ባልሽም ሰራተኛዋም ማየት አለባቸው።
- ህፃኑ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚሰቀል ሰዓት።
- ዲጂታል ቴርሞሜትር።
- ክዳናቸው ግጥም የሚል ትናንሽ የብርጭቆ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ቢያንስ 6።
- ህፃኑ የሚጠጣበት ትንሽ ኩባያ።
- ሙቅ ውሃ የሚይዝ ፔርሙስ።
- ቤት ለሚቀረው ሰው የሚሰራ ስልክና ሁልጊዜ ካርድ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ቁጠሪ፣ ከቢሮ ጋር ተነጋገሪ

በግል ድርጅት የምትሰሪ ከሆነ የሚመለከትሽ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነክፍያው ይሰጥሻል። የመንግስት ሰራተኛ ከሆንሽ የምትተዳደሪው በሌላ ሕግ ነው። በሁለቱም መንገድ የሰው ሀብት ክፍል ሄደሽ የምትመለሺበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበይ። በጣት ቆጥረሽ አትተማመኚ።

አሁን የክትባት ካርዱን አውጪ። ክትባቱ በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ 9 ወርና 15 ወር ላይ ይቀጥላል። ከወለድሽበት ቀን ጀምሮ በተከታታይ ከተቆጠረ 90 ቀን 13 ሳምንት አይሞላም። ስለዚህ የ14ኛው ሳምንት ክትባት ስራ በገባሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ብዙ እናቶች ይህን የሚያዩት ቀኑ ሲደርስ ነው። ክትባቱ ትኩሳት ሊያመጣ ስለሚችል ያን ቀን ከሰዓት በኋላም ቤት ብትሆኚ ይሻላል። አሁኑኑ አስፈቅጂ።

የዓመት ፈቃድሽን ከወሊድ ፈቃዱ ጋር አገናኝተሽ አትጨርሺው። ትንሽ ቀን ብትጨምሪ ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ግን ቢያንስ 5 ቀን አስቀሪ። ልጁ ሲታመም ወይም ሰራተኛዋ ስትሄድ የሚያድንሽ እሱ ነው።

ከአለቃሽ ጋር ስትነጋገሪ አትለማመጪ፣ አትቆጪም። ቀንና ሰዓት ይዘሽ ግቢ፦

"በዚህ ቀን እመለሳለሁ። ልጄ 6 ወር እስኪሞላው ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄጄ ማጥባት አለብኝ። በ6:30 ወጥቼ 7:30 ላይ ቦታዬ እገኛለሁ። እባክዎ በዚያ ሰዓት ስብሰባ እንዳይያዝብኝ። የክትባት ቀኑ ደግሞ ይኸው፤ ያን ቀን ፈቃድ እፈልጋለሁ።"

እምቢ ካለሽ፦ ጥያቄሽን በደብዳቤ አስገቢና ቅጂውን አስቀምጪ። ከዚያ ከአንዲት የስራ ባልደረባሽ ጋር ምሳ ሰዓት ተቀያየሪ። ማስፈራሪያ ከመጣ ደግሞ ይህን እወቂ፦ አዋጁ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ሴትን ከስራ ከማሰናበት ይከለክላል።

ደረጃ 2፦ ከባልሽ ጋር ስራ ተካፈሉ

ህፃኑ ሲተኛ ቁጭ በሉ። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሪ፦ ስራ፣ ባለቤት፣ ተተኪ። ቤት ውስጥ የሚሰራውን ሁሉ ጻፊ። ዳይፐር መግዛት፣ ውሃ መቅዳት፣ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ሌሊት መነሳት፣ ካርድ መሙላት፣ የሰራተኛ ደሞዝ መክፈል፣ ልጅ ሲታመም ከቢሮ መውጣት። ትንሽ የሚመስለውንም አትዝለይ።

"እርዳኝ" አትበይው። የሚረዳ ሰው ሲመቸው ነው የሚረዳው። ሙሉ ስራ ስጪው። "ጠዋት ከ12 እስከ 1:30 ልጁ ያንተ ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መያዝ። እኔ ወተት አልባለሁ፣ እዘጋጃለሁ።"

በእኛ ከተማ ከምሳ በኋላ በርጫ የሚቀመጥ ባል ብዙ ነው። ባልሽ እንደዚያ ከሆነ የማታውን ርክክብ ለእሱ አትስጪ፤ የጠዋቱን ስጪው። ጭቅጭቁን ለሌላ ቀን አቆዪውና ልጁ በሰላም የሚያዝበትን ሰዓት ምረጪ።

ማስጠንቀቂያ፦ እሱ የሰራውን ተከትለሽ አታስተካክይ። ዳይፐሩ ጠማማ ቢሆን ይሁን። አንዴ "ተወው፣ እኔ ልስራው" ካልሽ ስራው ወደ አንቺ ተመለሰ።

ባል ሩቅ የሚሰራ ከሆነ ወይም ልጁን ብቻሽን የምታሳድጊ ከሆነ ዓምዱን ባዶ አትተዪው። እህት፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት ጻፊ። ስሙን ከመጻፍሽ በፊት ግን ሰውየውን ጠይቂ። ሳይጠየቅ የተጻፈ ስም ችግር በመጣ ቀን ስልክ አያነሳም።

ደረጃ 3፦ ልጁን የሚይዘውን ሰው አግኝተሽ አሰልጥኚ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሌላው ሁሉ ይፈርስበታል። ቢያንስ 4 ሳምንት ስጪው።

ሀ) አያት ከመጣች

እናትሽ ወይም አማትሽ ከአጋሮም ከሊሙም ብትመጣ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለት ነገር ግን ቀድመሽ አስተካክይ። አንደኛ፣ አያት ልጅ ትያዝ እንጂ እንጀራ መጋገርና ልብስ ማጠብ አትጫኚባት። ወገቧ አይችልም፣ አፍ አውጥታም አትነግርሽም። ሁለተኛ፣ ህፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት በቀር ምንም አይቀምስም። ውሃም፣ ቅቤም፣ የስኳር ውሃም የለም። ይህን ለአማት መንገር ይከብዳል። በጤና ባለሙያው አሳቢው፦

"እማማ፣ ጤና ጣቢያ ውሃ እንኳን እንዳትሰጪው ብለው አስጠንቅቀውኛል። ለክትባት ስንሄድ አብረውኝ ይምጡ፤ ከእነሱው ይስሙት።"

አብራሽ ወስደሽ ባለሙያዋ ራሷ ትንገራት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ያንቺና የእሷ አይሆንም።

ለ) ሰራተኛ ከቀጠርሽ

1. በደላላ ከመጣች ተያዥ ይኑራት። የመታወቂያዋንና የተያዧን መታወቂያ ኮፒ ያዢ። የቤተሰቧን ስልክ ተቀብለሽ እሷ ባለችበት ደውዪ።
2. ራሷ ልጅ የሆነችን ልጅ ህፃን አታስጠብቂ። አንድ ሕፃን ሌላውን ሲያዝል ብዙ ቤት ታያለሽ። ህፃኑ ሲያንቀው ወይም ሲተኩሰው ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ጥፋቱም የእሷ አይሆንም።
3. የጤና ምርመራ አንቺው ከፍለሽ አስመርምሪያት። በተለይ ሳል ካላት።
4. ደሞዝ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የዕረፍት ቀንና የስራ ዝርዝር ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። ደሞዟን በቀኑ ክፈያት። የምትበሉትን ትብላ። ጥላ የሄደችን ሰራተኛ ከመርገምሽ በፊት እነዚህን ማሟላትሽን አስቢ።
5. ቢያንስ 2 ሳምንት አንቺ ቤት እያለሽ ትስራ። በመጀመሪያው ሳምንት አንቺ ስሪ፣ እሷ ትይ። በሁለተኛው እሷ ትስራ፣ አንቺ እይ።

ስታያት እነዚህን ፈትሺ፦ ዳይፐር ቀይራ እጇን በሳሙና ትታጠባለች? ህፃኑ ሲያለቅስ ድምጿን ታለሰልሳለች ወይስ ትነጫነጫለች? በጀርባው ታስተኛዋለች? ከሰል ባለበት ክፍል ውስጥ ትተወዋለች?

የመጨረሻውን በደንብ ንገሪያት። ክረምት ላይ ጅማ ሲበርድ ከሰል ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ቡና ሲፈላ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ህፃኑ ሌላ ክፍል ይሁን።

ልጅ የሚይዝና ቤት የሚሰራ ሁለት ሰው መቅጠር የማይቻል ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ራስሽ ወስኚላት። "መጀመሪያ ልጁ። ልጁ ሲተኛ ዕቃ። ጊዜ ከተረፈ ልብስ። ወለሉ ሳይወለወል ብደርስ አልቆጣሽም፤ ልጁ እርጥብ ሆኖ ካገኘሁት ግን እቆጣለሁ።" ሳምንታዊውን ከባድ ስራ ለተመላላሽ ስጪ።

ሐ) ማቆያ ካሰብሽ

መስሪያ ቤትሽ የህፃናት ማቆያ እንዳለው ጠይቂ። ሌላም ብታገኚ ሳትደውዪ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ሄደሽ እዪ። ስንት ህፃን ለአንድ ሰው እንደደረሰ ቁጠሪ። ዳይፐር የሚቀየርበትንና ምግብ የሚቀመጥበትን ቦታ አሳዩኝ በይ። ካላሳዩሽ ተመለሺ።

ተተኪዋን አሁን ያዢ

አንዲት እናት ጎረቤት ምረጪ። በእድር ወይም በእቁብ የምታውቂያት ብትሆን ይመረጣል። "ሰራተኛዬ ድንገት ብትሄድ ለሦስት ቀን ልጄን ትይዢልኛለሽ? የቀኑን እከፍላለሁ" ብለሽ በግልፅ ተነጋገሪ። ገንዘብ ካልፈለገች እሁድ የእሷን ልጆች ያዢላት። ህፃኑ እንዲለምዳት በሳምንት አንድ ሁለቴ እሷ ቤት ይዋል።

የሚያሰጉ ምልክቶች፦ ከቢሮ ስትመለሺ ህፃኑ ሁልጊዜ ያለወትሮው ድንዝዝ ብሎ ተኝቶ ካገኘሽው፣ ሰውነቱ ላይ የማይገባሽ ምልክት ካየሽ፣ ሞግዚቷን ሲያይ የሚሸሽ ከሆነ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለ የሳል ወይም የአለርጂ ሽሮፕ ከጎደለ። ማስረጃ እስክታገኚ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ልጁን ወደ ተተኪዋ ውሰጂ፤ የመድኃኒት ጥርጣሬ ካለሽ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ደረጃ 4፦ ወተቱን አለማምጂ

የፈቃዱና የጡት ወተቱ ጊዜ አይገጣጠምም። ልጁ 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ ያስፈልገዋል፤ አንቺ ከዚያ በፊት ስራ ትገቢያለሽ። ክፍተቱ የሚሞላው በታለበ ወተት ነው። ስራ ከመግባትሽ 3 ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ።

አስተላለቡ

1. እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ዕቃዎቹ ታጥበው የተቀቀሉ ይሁኑ።
2. ሙቅ ፎጣ ጡትሽ ላይ አድርጊና በቀስታ እሺው።
3. አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች፣ ከጡት ጫፍ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ራቅ አድርገሽ ያዢ።
4. መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጨመቅ አድርገሽ ልቀቂ። ጣትሽን ቆዳው ላይ አታንሸራቺ። የጡቱን ጫፍ አትጎትቺ። ካመመሽ ቦታውን ቀይሪ።
5. አንዱን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላውን፤ እያቀያየርሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ።

በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ። ጠዋት ከማጥባት በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አልቢ። ጡት በተጠየቀው ልክ ነው የሚሰጠው።

አቀማመጡ

ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር እየከፈልሽ አስቀምጪ። አንድ ጊዜ የሚጠጣው እዚያው አካባቢ ነው። ቀንና ሰዓት ለጥፊበት።

- ፍሪጅ ሳይገባ፣ ጥላ ቦታ፦ ከታለበበት ጊዜ ጀምሮ ለ4 ሰዓት።
- ፍሪጅ ውስጥ (በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ገባ አድርገሽ)፦ እስከ 4 ቀን። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ግን ከ2 ቀን በላይ አታቆዪ።
- ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠ፦ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት። ተመልሶ አይቀዘቅዝም።
- ህፃኑ ጀምሮ የተወው፦ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋ።

እሳት ላይ አይሞቅም። ከፔርሙሱ ሙቅ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምራ የወተቱን ዕቃ እዚያ ውስጥ ታቁም።

ፍሪጅ ከሌለሽ

ጅማ ትንሽ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ጠዋት 1:30 ያለብሽው ወተት እስከ 5:30 ይቆያል። ልክ ስትወጪ አጥቢው፤ 4:30 ገደማ የታለበውን ይጠጣ፤ 6:45 አንቺ ደርሰሽ አጥቢ። 7:10 ላይ ደግሞ አልበሽ ተዪ፤ እሱም እስከ 11:10 ይቆያል። 9:30 ላይ ይጠጣዋል፤ 12 ሰዓት አንቺ ትደርሻለሽ። ያለ ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ጡት ብቻ ማለት ይህ ነው።

አጠጣጡ

በጡጦ ፋንታ ኩባያ ተጠቀሚ። ለማጠብ ይቀላል፤ ንጽህናው ያልተጠበቀ ጡጦ የተቅማጥ በር ነው። ህፃኑ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የኩባያው ጠርዝ የታችኛውን ከንፈሩን ይንካ። ወተቱ ከንፈሩ ጋ ይድረስ እንጂ አፉ ውስጥ አይፈሰስ። እሱ ራሱ በምላሱ ይወስደዋል። በግድ ማፍሰስ ያንቀዋል።

እምቢ ካለ፦ አንቺ ከቤት ውጪ። የእናቱ ሽታ ባለበት ህፃን ኩባያ አይቀበልም። በጣም እስኪርበው አትጠብቁ፤ የተቆጣ ህፃን አዲስ ነገር አይማርም። ለጥቂት ቀናት በየቀኑ አንድ ጊዜ በማንኪያ ሞክሩ። ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ ይለምዳሉ።

ደረጃ 5፦ ሙሉ ልምምድ

ስራ ከመግባትሽ በፊት ባለው ሳምንት ሁለት ቀን ልክ እንደ ስራ ቀን ተነሺ፣ ልበሺ፣ ውጪ። ቢሮሽ ድረስ ሂጂ። በ6:30 ከቢሮው በር ተነስተሽ ባጃጅ ያዢ፤ ቤት ስትደርሺ ሰዓቱን ጻፊ።

ቢሮሽ ፈረንጅ አራዳ ሆኖ ቤትሽ እዚያው አካባቢ ከሆነ ችግር የለም። ቢሮሽ ቂጦ ፉርዲሳ፣ ቤትሽ ጂሬን በኩል ከሆነ ግን ምሳ ሰዓቱ መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ደርሶ መልሱ ከ40 ደቂቃ ከበለጠ በዚያ አትጀምሪ። ወይ ከአንድ ባጃጅ ሾፌር ጋር በኮንትራት ተነጋገሪ፣ ወይ ቢሮሽ አጠገብ የምትኖር ዘመድ ቤት ልጁ ይዋል፤ አንቺ በእግርሽ ሄደሽ ታጠቢዋለሽ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ባጃጅ አይገኝም። ጃንጥላና 15 ደቂቃ ትርፍ ያዢ።

በልምምዱ ቀን አራት ጊዜ አትደውዪ። አንዴ ብቻ፣ 4:30 ላይ። ምን እንደጎደለ ማታ ጻፊና በማግስቱ አስተካክለሽ ድገሚ። የመጀመሪያ የስራ ቀንሽን ማዘግየት ከቻልሽ ሐሙስ አድርጊው። ሁለት ቀን ሰርተሽ ቅዳሜና እሁድ ትተነፍሻለሽ።

ደረጃ 6፦ የእሁድ ስራ

ሽሮና በርበሬ ፈቃድ ላይ እያለሽ ለወራት የሚበቃ አስፈጪ። እሁድ አንድ ትልቅ ቁሌት አብስይና በትንንሽ ዕቃ ከፍለሽ ፍሪጅ አስገቢ፤ የማታው ወጥ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። እንጀራ ለ3 ቀን እንጂ ለሳምንት አትጋግሪ፣ በተለይ ክረምት ላይ ቶሎ ይሻግታል። ምጣዱን ልትጥጂ ስትዪ መብራት ከጠፋ ከምታውቂያት እንጀራ ሻጭ ውሰጂ። ስልኳ ግድግዳው ላይ ይኑር።

የህፃን ልብስ ክረምት ላይ አይደርቅም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይታጠብ፤ ተከምሮ ለእሁድ አይቆይ።

ደረጃ 7፦ የስራ ቀኑ

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቦርሳሽን፣ ልብስሽንና የወተት ዕቃዎቹን አዘጋጂ። ጠዋት የምትፈልጊው ነገር ካለ ቀኑ በጩኸት ይጀምራል።

- 11:30፦ ተነሺ፣ አጥቢ።
- 12:00፦ ልጁ ለአባቱ። አንቺ ታጠቢ፣ ቁርስ ብዪ። ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ።
- 1:20፦ አልቢ።
- 1:50፦ የመጨረሻ ማጥባት፣ ርክክብ። ስንት ሰዓት ምን እንደሚሰጥ ግድግዳው ላይ አሳዪያት።
- 2:05፦ ውጪ። ህፃኑን ሳትሰናበቺ አትደበቂ። ሳሚው፣ ንገሪው፣ ሂጂ። በር ላይ መመላለስ ለሁለታችሁም ያከብደዋል።
- 4:30፦ አንድ ስልክ። ጡትሽ ከሞላ ቢሮ ውስጥ በር የሚቆለፍ ክፍል ፈልገሽ አልቢ።
- 6:30፦ ምሳና ማጥባት። አርብ 5:30 ወጥቶ 7:30 የሚገባ መስሪያ ቤት ከሆነ 2 ሰዓት አለሽ። ግማሹን ተኚበት።
- 11:30፦ ውጪ። "አንድ ነገር ብቻ" የሚል ባልደረባ ይኖራል። "ነገ ጠዋት 2:30 እጄ ላይ ነው" በዪው።
- 12:00፦ ቤት ስትገቢ ኩሽና አትግቢ። እጅሽን ታጠቢና ከልጁ ጋር ቢያንስ 20 ደቂቃ ቁጭ በዪ። ወጡ ይደርሳል።

ሰራተኛዋ ወይም አንቺ በፆም ወይም በረመዳን ወቅት ላይ ከሆናችሁ የማብሰያና የዕረፍት ሰዓቱን ከወሩ በፊት አስተካክሉ። አፍጥር ሊደርስ ሲል ህፃን ያዢ፣ ሾርባም አብስዪ ማለት አይቻልም። በዚያ ሰዓት ልጁን የሚይዝ ሌላ ሰው መድቢ።

ትልቅ ልጅ ካለሽ ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ባጃጅ አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። ከትምህርት ቤቱ ጋር ልጁን መውሰድ የሚችሉትን ሰዎች ስም በጽሑፍ አስመዝግቢ። ማታ ለእሱም ብቻውን የሚሆን ጥቂት ደቂቃ መድቢ፤ ህፃኑ ከመጣ ወዲህ በነገር ሁሉ የሚያኮርፈው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

ሰራተኛዋ ሳትናገር ሄደች። በመጀመሪያው ቀን አንቺ ወይም ባልሽ ቤት ቆዩ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ተተኪዋ ጎረቤት። በእነዚያ ቀናት ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ግን ከመቸኮል የተነሳ ተያዥ የሌላት ልጅ አታስገቢ።

ልጁ ታመመ። ጡት መጥባት ካቃተው፣ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ቢሮ አትጠይቂ፤ ሂጂ። ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም ሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል፣ የሚቀርብሽ ጋ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ። ጅማ ወባ ስላለ የደም ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አጎበሩ ቀን ቀን ሲተኛም ይዘርጋለት። ተቅማጥ ከሆነ ጡት አታቋርጪ፤ ኦአርኤስና ዚንክ ከጤና ባለሙያ ተቀበይ። ከሌላ ልጅ የተረፈ መድኃኒት አትስጪ። በዚህ ጊዜ ማን ከቢሮ እንደሚወጣ ደረጃ 2 ላይ ተጽፏል፤ ሁልጊዜ አንቺ ብቻ አትሁኚ።

ወተቱ ቀነሰ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ድካም፣ ምግብ መዝለልና በቀን የሚታለብበት ጊዜ ማነስ ነው። ሌሊት አጥቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ልጁ በፈለገ ቁጥር አጥቢ፣ ውሃና ሾርባ ጨምሪ። ቆርቆሮ ወተት ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንድ ሳምንት ሞክሪ። ልጁ ክብደት ካልጨመረ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ግን ሳትጠብቂ ባለሙያ ይየው።

ጡትሽ ቀልቶ ካበጠና ካተኮሰሽ። ማጥባትሽን ቀጥዪ፣ በዚያው ቀን ታከሚ።

መብራት ጠፋ። ፍሪጁ አይከፈት። ሳይከፈት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየ ወተቱን ድፊው። ያሳዝናል፣ ግን ድፊው።

አንቺ ከደከመሽ። ለቅሶ ከበዛብሽ፣ ህፃኑን ማየት ካስጠላሽ፣ እንቅልፍ ቢገኝም የማይወስድሽ ከሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ይህ የባህርይ ድክመት አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ነው፤ ይታከማል። ለክትባት በምትሄጂበት ቦታ ንገሪያቸው። ራስሽን ወይም ልጁን ለመጉዳት ካሰብሽ ብቻሽን አትሁኚ፤ አሁኑኑ ለአንድ ሰው ደውለሽ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 9፦ 6 ወር ሲሞላው

ጡቱ ይቀጥላል፤ ምግብ ይጨመራል። ከዚህ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ መመላለሱ ግድ አይሆንብሽም፤ ቅርብ ከሆንሽ ግን አትተዪው። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ቀይሪ፤ ገንፎው መቼ፣ ምን ተጨምሮበት፣ በማን እጅ እንደሚሰጥ ጻፊ። ወፈር ያለ ገንፎ ይሁን፣ ከማንኪያ የማይፈስ። በኋላ እንቁላል፣ የተፈጨ አቮካዶ፣ ድንች ይከተላል። አዲስ ምግብ አንድ በአንድ ጀምሪ፤ ጠዋት፣ በቅዳሜ። ሰኞ አታስጀምሪ። ሆዱን ቢያመው የምታይው አንቺ መሆን አለብሽ።